ናይሮቢ ከልጆች ጋር፦ ራሳችሁ ትነዳላችሁ፣ ሹፌር ትቀጥራላችሁ ወይስ ሰርቪስ?

«ማሚ፣ ዝናብ እኮ የለም» አለኝ ልጄ ከኋላ ወንበር። እውነቱን ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። እኔ ግን የዝናብ መጥረጊያውን አስነስቼዋለሁ። ወደ ግራ ለመታጠፍ ፍሬቻ ያበራሁ መስሎኝ ነበር። ከኋላዬ ያለው ማታቱ (የናይሮቢ ሚኒባስ) ምን ላደርግ እንደሆነ አላወቀም። ክላክሱን ሳይለቅ በግራዬ ሾልኮ አለፈ። በእኛና በእሱ መሃል የነበረው ክፍተት አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ልጄ የተቀመጠው በዚያው በግራ በኩል ነበር።

ይህ የሆነው በመጀመሪያው ሳምንት፣ በተከራየነው መኪና፣ ንጎንግ ሮድ ላይ ነው። ናይሮቢ የሚሽከረከሩት መኪኖች አብዛኞቹ ከጃፓን የመጡ ናቸው። መሪያቸው በቀኝ ነው፤ ፍሬቻውም ከመሪው በስተቀኝ ነው። አዲስ አበባ ስነዳ የኖረው ግራ እጄ የሚያውቀውን አደረገ።

እጅ ግን ይለምዳል። በሁለት ሳምንት ቀኝ እጄ ፍሬቻውን ሳላስበው ማግኘት ጀመረ። አንድ ዓመት የፈጀብኝ ሌላ ነገር ነው፦ የትኛውን ጉዞ ራሴ ልንዳ፣ የትኛውን ለሌላ ሰው ልተው የሚለው። መጀመሪያ ሁሉንም ራሴ ለመንዳት ወሰንኩ። ደከመኝ። ከዚያ ሁሉንም ለሹፌር ሰጠሁ። እሱም አላዋጣም። አሁን ትልቁ ልጄ ጠዋት በሰርቪስ ይሄዳል፣ ከሰዓት የምናውቀው ሹፌር በኮንትራት ያመጣዋል፣ ትንሿ በእግር ትሄዳለች፣ ማታና ቅዳሜ እሁድ እኔ ወይም ባለቤቴ እንነዳለን። ለስራ ተዛውራችሁ ልጆች ይዛችሁ ናይሮቢ የምትመጡ ከሆነ፣ እኔ በአንድ ዓመት የደረስኩበት እናንተ በአንድ ወር እንድትደርሱበት ነው ይህን የምጽፈው።

ከመኪናው በፊት መንገዱ

ብዙ ሰው ናይሮቢ እንደገባ የሚጠይቀው «የትኛውን መኪና ልግዛ?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ፦ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ምን ይመስላል?

የናይሮቢ መኪና ጠዋት ወደ መሃል ከተማ ይጎርፋል፣ ማታ ይወጣል። ቤታችሁ ኪሊማኒ ወይም ሀርሊንግሃም ሆኖ ትምህርት ቤቱ ከመሃል ከተማ ራቅ ያለው ካረን ከሆነ፣ ጠዋት የምትሄዱት ከጎርፉ በተቃራኒ ነው። ትምህርት ቤቱ ወደ ጊጊሪ ከሆነ ግን ከተማውን አቋርጣችሁ ነው የምትሄዱት። ጊጊሪ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ያለበት ሰፈር ነው፤ በርካታ ሀበሻም እዚያ ይሰራል። ካርታ ላይ ርቀቱ ብዙ አይለያይም። መኪና ውስጥ የምትቀመጡት ጊዜ ግን በጣም ይለያያል።

የስልክ ካርታ እሁድ ማታ ከፍታችሁ «20 ደቂቃ ነው» ብላችሁ ቤት አትከራዩ። በትምህርት ቀን፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ ታክሲ ይዛችሁ መንገዱን አንድ ጊዜ ሂዱት። ቢቻል በዝናብ ቀን ይሁን። ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ትንሹ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ቦዮቹ ይሞላሉ፣ ቆላማው መንገድ ይዘጋል፣ ከተማው ሁሉ ይቆማል። እኛ ቤት የተከራየነው ይህን ሳናውቅ ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ለትምህርት ቤቱ ቀረብ ብለን ተከራየን። ኪራዩ ጨመረ፣ ነገር ግን ልጄ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ አገኘ። እንደ እኔ ይህ ምርጫ ከታች ካሉት ሁሉ ይበልጣል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። እዚህ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ደግነቱ ስዋሂሊም እንደኛ ነው የሚቆጥረው፤ «ሳ ሞጃ» ማለት አንድ ሰዓት ነው። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲያወራችሁ ግን ሰባት ይላል። እኔ በእንግሊዝኛ እያወራሁ በአማርኛ አስቤ «ዘጠኝ» ብዬ፣ ሹፌሩ በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ደወለልኝ። ልጄ የሚወጣው ከሰዓት ዘጠኝ ነው። ከዚያ ወዲህ በጽሑፍ ሆኖ ጠዋት ወይም ከሰዓት የሚል ካልተጨመረበት ቀጠሮ አልይዝም።

ራስ መንዳት

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አንድ ነገር በደንብ ይዞ ይመጣል፦ ድፍረት። መገናኛን የለመደ በመኪና ብዛት አይደነግጥም። ማታቱም አዲስ አይሆንበትም፤ ያው የእኛ ሚኒባስ ነው፣ በር ላይ የሚንጠለጠለው ማካንጋም ያው ወያላ ነው። ሳይታሰብ ይቆማል፣ ሳይታሰብ ይገባል። ይህን እናውቀዋለን።

የማናውቀው አቅጣጫውን ነው። ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው። ኢትዮጵያም ድሮ በግራ ነበር የሚነዳው፤ ወደ ቀኝ የተዛወረው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ለኛ ትውልድ ግን ቀኝ በደም ውስጥ ያለ ነገር ነው። አደጋው ያለው ደግሞ መኪና በበዛበት ሰዓት አይደለም። ያኔ የፊተኛውን መከተል ነው። አደጋው ጠዋት በማለዳ ወይም ማታ፣ ባዶ መንገድ ላይ፣ ከነዳጅ ማደያ ስትወጡ ነው። ማንም በሌለበት እጅ ወደ ለመደው ይሄዳል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ወራት መሪው ላይ ትንሽ ቀይ ክር አስሬ ነበር። ከግቢ በወጣሁ ቁጥር ክሩን አይቼ «ግራ» እላለሁ፣ ልጆቹም ከኋላ «ግራ!» ብለው ይደግማሉ።

አደባባይ ሌላው ነው። እዚህ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ነው የሚዞረው፣ ቅድሚያ የሚሰጠውም በቀኛችሁ ለሚመጣው ነው። ስትገቡ አንገታችሁ ወደ ቀኝ መዞር አለበት። የእኛ አንገት የለመደው ወደ ግራ ነው። ትልልቆቹ አደባባዮች ላይ፣ ለምሳሌ ኡሁሩ ሀይዌይ ከኃይለ ሥላሴ ጎዳና የሚገናኝበት ላይ፣ በመጨናነቅ ሰዓት መብራቱን ሳይሆን ትራፊኩን ተመልከቱ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ትራፊኩ ካስቆማችሁ ትቆማላችሁ። ቀይ ሆኖ በእጁ ከጠራችሁ ትሄዳላችሁ። አንዱን መስመር ረጅም ጊዜ ይዞ ሌላውን ሊለቅ ይችላል፣ ስለዚህ ልጆች ላሉበት መኪና ውሃና ብስኩት ይኑር።

ፍጥነት ገዳቢ ጉብታዎቹንም ተጠንቀቁ። ሳይቀቡና ምልክት ሳይደረግባቸው መሃል መንገድ ላይ የተደፉ አሉ፣ ማታ ጨርሶ አይታዩም። ከተማ ውስጥ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው። ልጅ ይዞ በማታ ለሚነዳ እሱም ይበዛል።

ስለ ልጅ ወንበር ጠንከር ብዬ ልናገር። አዲስ አበባ ብዙዎቻችን ልጅ አቅፈን ነው የምንሄደው። እዚህም የሚያቅፍ ሞልቷል። እባካችሁ አትቀፉ። መኪናው ድንገት ሲቆም የሰው ክንድ ልጅ አይይዝም። ወንበሩን ስትገጥሙ ደግሞ ጎኑን አስቡበት። አዲስ አበባ የእግረኛው መንገድ በቀኝ ነው፣ እዚህ በግራ ነው። ትንሹን ልጅ ከኋላ በግራ በኩል አስቀምጡ፤ በር ሲከፈት የሚወርደው ወደ እግረኛው መንገድ ነው። በቀኝ ካስቀመጣችሁት ቦዳ ቦዳ የሚባሉት ሰው የሚጭኑ ሞተሮች በሚሾልኩበት መሃል ነው የምታወርዱት። የኋላ በሮችን የልጅ ቁልፍም ዝጉ። ትልቁ ልጄ በልማድ በቀኝ በኩል ሊወርድ በሩን ሲከፍት ሞተር ሽው ብሎ ካለፈ በኋላ ነው እኔ የዘጋሁት። የበሩን ጫፍ ነክቶት ነው ያለፈው። ልጄ በሩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ፣ እኔም መሪውን እንደያዝኩ።

መስኮት ደግሞ በመጨናነቅ ውስጥ ተዘግቶ ይቆይ። ስልክ ከእጅ ይመነተፋል። ቦርሳ ወንበር ላይ አይቀመጥ፣ ልጅም ታብሌት ይዞ በተከፈተ መስኮት በኩል አይቀመጥ።

መኪና ለመግዛት ካሰባችሁ፣ የአዲስ አበባ መኪናችሁን ይዞ የመምጣት ሐሳብ ተዉት። ኬንያ መሪው በግራ የሆነ የቤት መኪና አትመዘግብም፤ ከውጭ የሚገባ መኪናም ከተሰራ ከ8 ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት። አገር ውስጥ ያገለገለ ስትገዙ ሎግቡክ የሚባለውን ጠይቁ፤ የእኛ ሊብሬ ማለት ነው። ስሙ ከሻጩ መታወቂያ ጋር ካልገጠመ ጥላችሁ ውጡ። መንጃ ፈቃዳችሁንም መሪ ከመያዛችሁ በፊት ኤን ቲ ኤስ ኤ በሚባለው የትራንስፖርት ባለሥልጣን አስተካክሉ። ከመኪናው መጠን ይልቅ የልጅ ወንበር ማሰሪያው በደንብ መግባቱን እዩ። ወንበሩን ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ ፊት ግጠሙት።

ራስ መንዳት የሚሰጠው ትልቅ ነገር ማታ ላይ ነው። ትንሿ ልጄ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትኩሳቷ ወጣ። ያኔ የኪራዩን መኪና መልሰን የራሳችንን ገና አልገዛንም ነበር። በስልክ የጠራነው ታክሲ ተቀበለ፣ ከዚያ ሰረዘ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ ግቢው በር ላይ ከዘበኛው ጋር ቆሜ ነው ሦስተኛውን የጠበቅኩት። በማግስቱ ለባለቤቴ «ትምህርት ቤት ሌላ ሰው ያድርሳቸው፣ ሌሊት ግን የራሳችን መኪና ይኑረን» አልኩት። መኪና የገዛነው ለዚያ ነው።

ሹፌር መቅጠር

ናይሮቢ ውስጥ ሹፌር መቅጠር የሀብታም ነገር ብቻ አይደለም። ሁለቱም ወላጅ የሚሰራ ከሆነ ብዙ ቤተሰብ ያደርገዋል። ትልቁ ጥቅሙ ከተማውን የሚያውቅ ሰው መሪ መያዙ ነው። የትኛው የጎን መንገድ እንደሚያስወጣ፣ የትኛው በዝናብ እንደሚሞላ፣ ትራፊክ ሲያስቆም ምን እንደሚባል ያውቃል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሹፌር ቀጥራችሁ እናንተ ከጎኑ ብትቀመጡ ከየትኛውም የመንጃ ትምህርት ቤት ይበልጣል። እኔ ያጣሁት ይህን ነው።

ምርጫው ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከፖሊስ የመልካም ምግባር ማስረጃ ጠይቁ፤ ኬንያ ውስጥ የወንጀል ምርመራ መሥሪያ ቤቱ ይሰጣል፣ ለቤት ሠራተኛም ለሹፌርም መጠየቅ የተለመደ ነው። የቀድሞ አሰሪውን ራሳችሁ ደውላችሁ አናግሩ። ከዚያ ልጆቹን ቤት ትታችሁ ከኋላ ተቀመጡና አንድ ሰዓት ያህል ይንዳችሁ።

እኔ ሁለት ሰዎች ነበር የፈተንኩት። የመጀመሪያው መንዳቱ ለስላሳ ነው፣ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው። ግን ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጧል፣ በቆምን ቁጥር ዓይኑ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለተኛው ብዙም አያወራም። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት በመስታወት አየኝና «ማዳም፣ ቀበቶ» አለ። እኔ አላሰርኩም ነበር። እስካስር ድረስ መኪናዋን አላንቀሳቀሳትም። ቫሊ ሮድ ላይ አንድ ቦዳ ቦዳ ፊታችን ጥልቅ ሲል ክላክስ አልነካም። ፍሬን ያዝ አድርጎ አሳለፈውና ቀጠለ። እሱን ቀጠርኩት። ከወር በኋላ «ማዳም» ቀርቶ በልጄ ስም «ማማ ናሆም» ይለኝ ጀመር፤ እንደ አገራቸው ወግ።

ሹፌሩ ሰው ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ብትለቁት ቤቱ የሚደርሰው በማታቱ፣ ምናልባት ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። ማለዳ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ እናንተ በር ላይ መሆን አለበት። ያልተኛ ሹፌር ልጆቻችሁን ይዞ ይነዳል ማለት ነው። የሥራ ሰዓቱን በጽሑፍ አስቀምጡ፣ ካመሸ የታክሲ ስጡት። ደመወዙ ላይ የጡረታና የጤና መዋጮ እንዳለ ከመጀመሪያው አስሉ። ኢንሹራንሱም እሱ መንዳቱን ማወቅ አለበት፤ ካላወቀ አደጋ ሲደርስ እናንተ ላይ ይመጣል።

እኛን ያላዋጣን ምክንያት ቀላል ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ለሚደረግ ጉዞ ሙሉ ቀን እንከፍል ነበር። ሦስት ልጅ በሦስት ትምህርት ቤት ላለው ቤተሰብ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የትምህርት ቤት ሰርቪስ

የኬንያ ሕግ የተማሪ ማመላለሻ መኪኖች ቢጫ እንዲቀቡ ያዛል፣ ስለዚህ ጠዋት ከተማው ቢጫ በቢጫ ነው። ክፍያው ብዙ ጊዜ በተርምና በዞን ነው።

ሰርቪስ ሲመረጥ ሰው የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። እኔ የምጠይቀው ተራውን ነው። ልጄ ስንተኛ ይገባል? ስንተኛ ይወርዳል? አንደኛ ገብቶ መጨረሻ ላይ የሚወርድ ልጅ ቤቱ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ቢሆን እንኳ ከተማውን ይዞራል። እኛ መጀመሪያ የተሰጠን ሰዓት ለጠዋት 11 ከ50 ነበር። ጨለማ ነው። ናይሮቢ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ክረምት ከበጋ ብዙም ለውጥ የለም። የሰባት ዓመት ልጅ በጨለማ በር ላይ ማቆም አልፈለግኩም። ጻፍኩ፣ ሄጄ አነጋገርኩ፣ በሚቀጥለው ተርም መስመሩ ተገለበጠና 12 ሰዓት ከ35 ሆነ። ሳይጠየቅ አይለወጥም።

አንድ ጠዋት ደግሞ ልጃችሁን ሳትልኩ ሰርቪሱ ሲመጣ ወጥታችሁ እዩት። ረዳቷ ወርዳ ልጅ ተቀብላ ነው የምታስገባው ወይስ ከውስጥ ትጣራለች? እያንዳንዱ ልጅ ቀበቶ አስሯል? ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ወንበር የተቀመጡ አሉ? ሹፌሩ ልጅ ሳይቀመጥ ይነሳል? በአምስት ደቂቃ ውስጥ የምታዩት ነገር ትምህርት ቤቱ ከሚሰጣችሁ ወረቀት ይበልጣል። የረዳቷን ስልክ ቁጥር ያዙ፣ የእናንተን ስጧት።

ከሰዓት ያለውን የተውነው ልጄ መጨረሻ ስለሚወርድ ነው። ተኝቶ ነበር የሚመጣው፣ ሸሚዙ አንገቱ ላይ በላብ ረጥቦ።

በስልክ የሚጠራ ታክሲ

ኡበር፣ ቦልት፣ ሊትል ሁሉም ናይሮቢ ውስጥ አሉ። እኛ አገር «ራይድ» ብለን እንደምንጠራው ነው። ዋጋው ቀድሞ ይታያል፣ ክፍያው በጥሬ ወይም በኤም-ፔሳ። ለአዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ ከመኪና መያዝ ይረክሳል፤ መሃል ከተማ ማቆሚያ ከመፈለግም ያድናል።

ከልጅ ጋር ሁለት ችግር አለው። የልጅ ወንበር የያዘ አላጋጠመኝም፤ አነስተኞቹ መኪኖች ላይ ደግሞ የራሳችሁን ወንበር መግጠም ይከብዳል። ከአራት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ልጁን ከፍ የሚያደርግ ተንቀሳቃሽ መቀመጫ ገዝታችሁ ይዛችሁ መዞር ትችላላችሁ። ሁለተኛው፣ በጣም በምትፈልጉበት ሰዓት አይገኝም። ዝናብ ሲጥል ዋጋው ይወጣል፣ ሹፌሩ ይሰርዛል።

መፍትሔው የሚስማማችሁን ሹፌር ስልኩን ይዛችሁ በወር ኮንትራት መነጋገር ነው። እኛ ከሰዓት የምንጠቀመው እንዲህ ነው። ወንበሩን ሰኞ መኪናው ላይ እንገጥማለን፣ ዓርብ እናወርዳለን። የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የመታወቂያውንና የመንጃ ፈቃዱን ፎቶ ትምህርት ቤቱ ዘበኞች ጋር አስቀምጠናል። ከእሱ ሌላ ሰው ቢመጣ ልጁ አይሰጥም። ወንድሜ ነው ቢልም አይሰጥም።

ልጅን ብቻውን በማታውቁት ታክሲ አትላኩ። ይህን ለማብራራት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ማታቱና ቦዳ ቦዳ

ማታቱ ስሙን ያገኘው ከድሮው የሦስት ባለ አሥር ሳንቲም ሒሳብ ነው፤ «ታቱ» በስዋሂሊ ሦስት ነው። ግድግዳው በሥዕል ያበደ፣ ሙዚቃው የሚያንቀጠቅጥ፣ የከተማው ነፍስ ነው። በ2004 እኤአ የትራንስፖርት ሚኒስትር የነበሩት ጆን ሚቹኪ ፍጥነት መገደቢያና ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ቀበቶ አስገድደው ነበር። ዛሬ ቀበቶው ካለ እንኳ መቆለፊያው የማይዝ ያጋጥማል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከትልቁ ልጄ ጋር እንሳፈራለን፤ በጣም ይወደዋል፣ ስዋሂሊውንም እዚያ ነው የለመደው። ለጠዋት ትምህርት ቤት ግን አይሆንም። መንገድ ሲዘጋ መስመር ይቀይራል፣ ግማሽ ላይ «ውረዱ» ይላል፣ በዝናብ ሒሳቡ ይጨምራል።

ቦዳ ቦዳ ላይ ልጅ አታስቀምጡ። ሦስት ልጅ ደርቦ የሚሄድ በየቀኑ ታያላችሁ። ሰው ሁሉ ያደርገዋል ብላችሁ አትለምዱት።

እንግዲህ የቱን?

ልጃችሁ ከአራት ዓመት በታች ከሆነ ሰርቪስ አይመከርም፤ በእግር የሚደረስ መዋያ ፈልጉ፣ ያለበለዚያ ራሳችሁ አድርሱት። ከስድስት በላይ ከሆነና ተራው ከሦስተኛ በኋላ ከሆነ፣ ጠዋት ሰርቪስ ከእናንተ መንዳት ይሻላል። እናንተ ስብሰባ እያሰባችሁ ነው የምትነዱት፣ እሱ ሥራው መንዳት ብቻ ነው።

ሁለታችሁም ማለዳ የምትወጡ ከሆነና ልጆቹ የተለያየ ትምህርት ቤት ካላቸው ሹፌር ቅጠሩ። አንዳችሁ ከቤት የምትሰሩ ከሆነ ግን ገንዘቡን ለቤት ኪራይ ጨምሩና ቀረብ በሉ። የምትቆዩት ከስድስት ወር በታች ከሆነ መኪና አትግዙ፤ መግዣውና መሸጫው ጊዜ ይበላል። አስተማማኝ የኮንትራት ሹፌር ይበቃል፣ የሌሊቱን ነገር ግን ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ አስቀምጡ።

በ2022 እኤአ የተከፈተው የናይሮቢ ኤክስፕረስዌይም ይጠየቃል። ከምሎሎንጎ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል እስከ ዌስትላንድስ 27 ኪሎ ሜትር የሚሆን የክፍያ መንገድ ነው። ሞተርና ባጃጅ አይገቡበትም። ከአውሮፕላን ማረፊያ ልጆች ይዞ ለሚመጣ ሰው እፎይታ ነው። ለትምህርት ቤት የሚጠቅመው ግን ቤታችሁም ትምህርት ቤቱም በዚያው መስመር ላይ ከሆኑ ብቻ ነው። ያለበለዚያ ከፍላችሁ መውጫው ላይ ትሰለፋላችሁ።

መንገድ የሚዘጋበት ቀን

የትኛውንም ብትመርጡ ሁሉም በአንድ ጊዜ የማይሰሩበት ቀን ይመጣል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጎርፍ ሰፈሮችንና መንገዶችን ዋጠ። ያው ዓመት ሰኔ 18 ቀን ሰልፈኞች ፓርላማውን ጥሰው ገቡ፣ መሃል ከተማው ተዘጋ። እኔ ቢሮ ነበርኩ። ልጄ ትምህርት ቤት ነው፣ ባለቤቴ መስክ ወጥቷል። ሹፌሩ ደውሎ «ማለፍ አልቻልኩም» አለኝ። ያዳነን ትምህርት ቤቱ አጠገብ የምትኖር፣ ልጇ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል የሚማር ኬንያዊት እናት ናት። ስሟ ልጄን ከትምህርት ቤት ማውጣት የሚፈቀድላቸው ሰዎች ዝርዝር ላይ ነበር። በእግሯ ሄዳ ሁለቱንም ወሰደቻቸው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ስደርስ ኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ) እየበሉ ነበር።

ያ ስም ዝርዝሩ ላይ የገባው ከአንድ ወር በፊት ነው፣ በልደት ግብዣ ላይ አብረን ቡና ስንጠጣ። ስለዚህ በመጀመሪያው ተርም፣ መኪናውንም ሹፌሩንም ከመጨረሳችሁ በፊት፣ ለትምህርት ቤቱ በእግር የሚቀርብ አንድ ቤተሰብ ተዋወቁ። ስማቸውን ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ስጡ፣ የእናንተንም እነሱ ይስጡ። የሁሉንም ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ቦርሳው የውስጥ ኪስ ውስጥ ክተቱለት፤ የልጁ ስልክ ባትሪ ያልቃል፣ ወረቀት አያልቅም። ቁጥሩን ለልጁም አስጠኑት። የእኔ ልጅ የሷን ቁጥር ከኔ ቁጥር ቀድሞ ነው የያዘው።